የመሪጌታ ጆሮና የአክስቴ እንቁላሎች

ሰው የጎረቤቱን ውሻ ይፈራል፤ አንዳንዱም የጎረቤቱን ምላስ ይፈራል። የጎረቤት ጆሮም እንደሚያስፈራ እኔ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ለሴሚስተር እረፍት ቡሬ አክስቴ ቤት በሄድኩ ጊዜ ነው። ጎረቤታችሁ የዜማ መምህር ያልሆነ ሁሉ አምላካችሁን አመስግኑና አዳምጡኝ። ነገሩ ስለ እንቁላል ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክም ነው፤ ትንሽም ስለ ዐቢይ ጾም ነው። እንዳይምታታባችሁ ከሥሩ እጀምራለሁ። መምህራኖቻችን ከሥሩ ጀምሩ ይሉናል፤ እኔ ደግሞ ያሉኝን የማደርግ ተማሪ ነኝ። ችግሬ ሁሉ ከዚህ እንደሚመነጭ ወደ ፊት ታያላችሁ።

የወላጆቼ ቤት ፍኖተ ሰላም ነው። አክስቴ ውድነሽ ግን የሚኖሩት ቡሬ ዳር፣ የነቀምት መኪና ሲያልፍ አቧራው ከሚደርስበት ሰፈር ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። የሚያናግሩት ዶሮዎቻቸውን ነበር። ያናግራሉ ስላችሁ ቀልድ አይደለም፤ ጧት ተነሥተው ወደ ቆጡ ዞር ይሉና "እንዴት አደራችሁ" ይላሉ፣ መልስም ያገኛሉ። ያን ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ፈንግል ገባ። ፈንግል የዶሮ ቸነፈር ነው፤ ማታ ቆጥ ላይ የወጣችው ዶሮ ጧት ከቆጥ ሥር ትገኛለች። ከአውራው እስከ ታቃፊዋ አንድም አልተረፈ። ስልክ ደውዬ "እንዴት ነዎት አክስቴ" ስላቸው፣ "ደኅና ነኝ፤ ግቢው ግን ዝም አለብኝ" አሉኝ።

ይህች ቃል አንጀቴን በላችው።

ሁዳዴ ሲቃረብ ታዲያ አንድ መላ ታየ። በጾም እንቁላል የሚበላ የለምና በየቤቱ ይከማቻል። አክስቴ ያሉበት የአንድ ለአምስት ቡድን ሴቶች "እንቁላሉን እኛ እናዋጣ፣ አንቺ አስፈልፍይ፣ ጫጩቱን እኩል እንካፈላለን" አሏቸው። የጠፋችው ታቃፊ ናት። ከፈንግሉ የተረፉት የሰፈሩ ዶሮዎች እንቁላል መጣል እንጂ መታቀፍ አልፈለጉም፤ ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። በዚህ መካከል ነው እኔ በስልክ "ግዴለም አክስቴ፣ ታቃፊ እኔ እሠራለሁ" ያልኩት። ማንም አልጠየቀኝም።

በዩኒቨርሲቲያችን የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ገብቼ ነበር። ገባሁ ስል፣ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ትልልቆቹ ተማሪዎች ሲሠሩ አያለሁ፣ ሽቦ አቀብል ሲሉኝ አቀብላለሁ ማለቴ ነው። ያየሁትን ይዤ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬንም ላፕቶፕ ተውሼ ፍኖተ ሰላም ገባሁና አባቴ ሊጥሉት ያሰቡትን አሮጌ ቴሌቪዥን ሆድቃውን አውጥቼ ቀፎውን አስቀረሁ። ፊቱን መስታወት አለበስኩት። ውስጡ ለሙቀት በራሱ መቆጣጠሪያ የሚበራና የሚጠፋ አምፖል፣ ለአየር ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለች ማራገቢያ፣ ለእንቁላሎቹ በትንሽ ሞተር ወዲያና ወዲህ የሚያጋድል ትሪ አስገባሁ። ዶሮ በየሰዓቱ በአፏ እንቁላሉን እንደምታገላብጠው ማለት ነው። የቀረው ሁሉ አዛዥ ደግሞ ከመዳፍ የምታንስ ማይክሮኮንትሮለር ናት፤ እኔ ትንሿ ኮምፒውተር እላታለሁ። ሰዓት ትቆጥራለች፣ ሰዓቱ ሲደርስ ትሪውን ታጋድላለች፣ ቀኑን ትደምራለች፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት እንቁላል መነካት የለበትምና ማጋደሉን ታቆማለች፤ ሦስቱ ሳምንት ሲሞላም ታፏጫለች። ፉጨቷን እኔ ነኝ የጻፍኩላት፤ ከሁሉ ያኮራኝም እሱ ነበር።

ከቡሬ መናኸሪያ በባጃጅ ስወስደው ሹፌሩ በመስታወቱ እያየ "ስንት ኢንች ነው?" አለኝ።

"ሠላሳ እንቁላል ይይዛል" አልኩት።

መስታወቱን ወደ መንገዱ መለሰው።

የዘወረደ እሑድ አልፎ ሰኞ ጧት እንቁላሎቹን አስገባን። አክስቴ እያንዳንዱን ውኃ ውስጥ እየነከሩ የሚንሳፈፈውን ለዩ፣ ቁጥሩ ጎዶሎ እንዲሆን አንዱን መለሱ፣ በመጨረሻም ከጓዳ አንድ የዛገ ምስማር አምጥተው ትሪው ላይ ሊያስቀምጡ እጃቸውን ሰደዱ።

"ምንድን ነው አክስቴ?"

"ምስማር ነዋ። ነጎድጓድ እንቁላል ያገለማል። ብረት ካለ አይደፍርም።"

ሽቦ ባለበት ሣጥን ውስጥ ብረት መወርወር ምን እንደሚያመጣ ስለማውቅ ልቤ ደነገጠ። እምቢ ማለት ደግሞ አልችልበትም። ስለዚህ ምስማሩን በፕላስተር ሣጥኑ ጣራ ላይ፣ ከውጭ ለጠፍኩላቸው። አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ ነጎድጓዱ ከውጭ መኖሩን ካየው" አሉ።

አሁን ስለ ማራገቢያዋ ትንሽ ታገሡኝ። በሙሉ ኃይሏ ከዞረች እንቁላሉን ታደርቀዋለች፤ ከቆመች ደግሞ ሙቀቱ አምፖሉ አጠገብ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ትንሿ ኮምፒውተር ኤሌክትሪኩን ስትሰጣት ትከፍትና ትዘጋለች፣ ትከፍትና ትዘጋለች። ግማሹን ጊዜ ከፍታ ግማሹን ከዘጋች ማራገቢያዋ በግማሽ ኃይል ትዞራለች። ተማሪዎች ፒደብልዩኤም የምንለው ይህ ነው። በሴኮንድ ስንት ጊዜ ትክፈት፣ ስንት ጊዜ ትዝጋ የሚለው ደግሞ ፍሪኩዌንሲው ነው። እኔ ስላልነካኋት በራሷ ልማድ ወደ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ትከፍትና ትዘጋ ነበር። በሴኮንድ ሺህ ጊዜ የተመታ ነገር ደግሞ ዝም አይልም፤ ይዘምራል። ከሣጥኑ ቀጭን፣ የማይቋረጥ፣ የማይወጣ የማይወርድ አንድ ድምፅ ይወጣ ጀመር። አክስቴ ወደዱት። "ቢያንስ ግቢው ውስጥ አንድ ነገር አለ" አሉ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን መሪጌታ ጥበቡ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ከአጥሩ ማዶ ተማሪዎች ሰብስበው ዜማ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ ያን ሰሞን ልጆቹን ለቅድስት እሑድ የሚባለውን ጾመ ድጓ እያስጠኗቸው ነበር። ተቀመጡ፣ ጤና ጠየቁ፣ ስለ እናቴ ጠየቁ፣ ፍኖተ ሰላም የበልግ ጠል ጥሎ እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

"ውድነሽ፣ ከቤትሽ አንድ እንግዳ ደብተራ ገብቷል መሰለኝ።"

"ኧረ ደብተራ አልገባም የኔታ። የእህቴ ልጅ ነው የመጣው።"

"ልጁስ ይተነፍሳል። እኔ የምለው ያን የማይተነፍሰውን ነው። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቃል ይዟል፤ አላሳረፈም፣ አልመለሰም፣ አልተነፈሰም። ዕድሜየን ሙሉ ማኅሌት ስቆም እንዲህ ያለ ደረት አላየሁም።"

"የኔታ፣ እሷ እኮ ማራገቢያ ናት" አልኩ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ።

"ስሟን አላውቅም ነበር" አሉ የኔታ። "ልጆቹ ዜማውን ከእኔ ጀምረው በእሷ ይጨርሱታል። ወደ ላይ ስወስዳቸው ወደ ራሷ ትጎትታቸዋለች። ትናንት ሁሉም አንድ ድምፅ ሆነው ገጠሙልኝ ብየ ደስ ሲለኝ፣ ለካ የገጠሙት ከእሷ ጋር ኖሯል።"

አክስቴ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። "የኔታ፣ ጥፋት ቢኖር ማሩኝ። ከጠፋች እኮ እንቁላሉ ቀዝቅዞ..."

"አትጥፋ። የግቢሽ ዝምታ በአጥር አልፎ እኔንም ደርሶኝ ነበር። ብቻ ይህች እንግዳ ወይ ትውረድ ወይ ትውጣ፤ እመሐሉ ላይ አትቁምብኝ።"

እንግዲህ እኔ ለዚህ ቀን የተፈጠርኩ መሰለኝ። ክበቡ ውስጥ አንድ ትልቅ ተማሪ "ፕሮግራም ስትጽፍ ሁልጊዜ በር ተውለት" ብሎኝ ነበርና ትቼለት ነበር፤ ላፕቶፑን በገመድ አገናኝቼ ቁጥር ስጽፍላት ትንሿ ኮምፒውተር ሥራዋን ሳታቋርጥ የምትከፍት የምትዘጋበትን ፍጥነት ትቀይራለች። አምፖሉ አይጠፋም፣ ማራገቢያዋ አትቆምም፣ የተቆጠረው ቀን አይሰረዝም። "አሁኑኑ፣ እዚሁ እንደተቀመጡ አስተካክላለሁ የኔታ" አልኩ። የኔታም ቁጢጥ ብለው ሣጥኑን እንደ ፈታኝ መምህር ይመለከቱት ጀመር።

መጀመሪያ ወደ ታች አወረድኳት። ቀጭኑ ድምፅ ወፍራም ጉርምርምታ ሆነ።

የኔታ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። "አሁን ከደብተራነት ወደ በሬነት ወርዳለች። ድምፀ ጎርናኖቹን ልጆች ይዛብኝ ትሄዳለች። ትውጣ።"

አወጣኋት፤ ከመጀመሪያው ስምንት እጥፍ አወጣኋት። የኔታ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ። ጸጥ አለች።"

"ጸጥ አለች?"

"ጸጥ አለች እንጂ። አይደል ውድነሽ?"

"ጸጥ ብላለች" አሉ አክስቴ።

እኔን ግን መርፌ የመሰለ ነገር ጆሮዬን ይወጋኝ ነበር። ዳሩ ድጓ ያስመሰከሩ መምህር ጸጥ አለች ካሉ እኔ ማን ነኝ? ከሁለት ሽማግሌዎች ምስክርነት ይልቅ የራሴን ጆሮ ጠረጠርኩ። የኔታ መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ በመካከሉ ጆሮዬን እንዳልይዝ እጄን በእጄ አጥብቄ ይዤ ነው የጨረስኩት።

ዓርብ ጧት ከየኔታ ተማሪዎች ትልቁ፣ ዲያቆን ነው፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ በአጥሩ በኩል ጠራኝ።

"ወንድማችን፣ ያን ሣጥን ምን አድርገነው ነው?"

"ጸጥ ብሏል እኮ።"

"ለየኔታ ነው ጸጥ ያለው። እኛን ቀዶ ሊገድለን ነው። 'ይሰማናል' ስንላቸው 'ትምህርት ጠልታችሁ ነው' ይሉናል። ትናንት አንዱ ልጅ ዜማው መካከል ሁለት ጆሮውን ይዞ እንባው መጣ፤ የኔታ የዜማው ጣዕም ገብቶት ነው ብለው አመሰገኑት። ዛሬ ሌሎቹም ሊያለቅሱ እየተዘጋጁ ነው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ያረጀ ጆሮ በጣም የቀጠነ ድምፅ አይዝም፤ ወጣት ጆሮ ግን ይይዛል። የኔታን ደስ ባሰኝ ተማሪዎቹን ገደልኩ። ሁሉንም ደስ የሚያሰኝ ቁጥር መኖር አለበት ብዬ ሮጬ ገባሁና የመጨረሻውን ጻፍኩ፤ ከመጀመሪያው ስልሳ አራት እጥፍ። እዚያ ላይ የሰው ጆሮ አይደርስም። መርፌው ከጆሮዬ ወጣ። ዲያቆኑ ከአጥሩ ማዶ ጋቢውን ከራሱ ሲያወርድ ታየኝ። እንደዚያ ቀን ጧት በራሴ ተደስቼ አላውቅም፤ ከአክስቴ ጋር ቁርስ የለም እንጂ ቢኖር በደንብ እበላ ነበር።

"ልጀ" አሉ አክስቴ ሣጥኑ ፊት ቆመው፣ "ዛሬስ ቅቤ የምትንጥ መሰለች።"

እውነትም ትሪው ወዲያ ያጋድላል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ወዲህ ያጋድላል። ቀስ ብሎ እንጂ እንደ ቅል ነው።

"እንዲህ ናት ቴክኖሎጂ አክስቴ" አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማላውቀውን ስጠየቅ ይህች ቃል ከአፌ ቀድማ ትወጣለች።

ብዙም ሳይቆይ ትሪው ማጋደሉን ተወ። "ደከማት" አሉ አክስቴ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ረፋዱ ላይ ሣጥኑ አፏጨ።

አክስቴን "ስታፏጭ ጫጩት ደረሰ ማለት ነው፤ ቀን መቁጠር የእርስዎ ሥራ አይደለም፣ እሷ አትሳሳትም" ብዬ ያስጠናኋቸው እኔው ነኝ። እሳቸውም እንደ ጥሩ ተማሪ ፉጨቱን ሲሰሙ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡና ሴቶቹን ጠሩ። እኔ "ቆይ እስኪ" እስክል የአንድ ለአምስቱ መሪ እትየ ሙሉ ሌሎቹን አስከትለው ገቡ፤ በርጩማ ተደረደረ፤ ሁሉም ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ።

"ከሰኞ እስከ ዓርብ?" አለች አንዷ። "ዶሮ እንኳ ሦስት ሳምንት ትፈጅ የለም?"

"ዶሮማ ዶሮ ናት" አሉ እትየ ሙሉ። "ወፍጮ ቤት ሳይመጣ በድንጋይ ስትፈጪ ስንት ትቀመጪ ነበር? አሁንስ? ማሽን ሊያፈጥን ካልሆነ ለምን ይሠራል? ከዶሮ እኩል የሚቀመጥ ከሆነ ዶሮዋ ምን አደረገች?"

ክርክሩ ጠንካራ ነበር። ያስቃችሁ ይሆናል፤ እኔም ለጥቂት ጊዜ አመንኩ። ማን ያውቃል፣ ማራገቢያዋ በሴኮንድ ይህን ያህል ጊዜ ከተመታች እንቁላሉም ሳይፈጥን ይቀራል?

"ፕሮግራሙ መቼ ነው የሚጀምረው?" አለች አንዷ መስታወቱን እያየች።

እትየ ሙሉ ስልካቸውን አወጡ። በቡድናቸው እንቁላል በአምስት ቀን መፈልፈሉን ለቀበሌ ሊያሳውቁ ነው፤ ልምድ ለመለዋወጥ ሰዎች እንዲመጡ። ቁጥሩን ነኩ፣ ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣ ወደ በሩ ወጡ፣ ተመለሱ። ኔትወርክ የለም። በሕይወቴ ኔትወርክ በመጥፋቱ ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቆየን። እንቁላሎቹም ቆዩ። የቆመውን ትሪ አፍጥጬ ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ። ትሪው የቆመው ደክሞት አይደለም። ትንሿ ኮምፒውተር የመጨረሻዎቹ ቀናት ደርሰዋል ብላ ነው ያቆመችው። ጧት እንደ ቅል ሲናጥ የነበረውም የየሰዓቱን ማጋደል በደቂቃ በደቂቃ ስታደርገው ነው። ሰዓቷ አብዷል። ሰኞ የገባ እንቁላል ዓርብ ላይ ሆኖ፣ ለእሷ ሦስት ሳምንት ሞልቶታል። ምን ያህል ቀን እንዲህ ሲናጥ እንደሰነበተ፣ የተናጠ እንቁላል ደግሞ በውስጡ ምን እንደሚሆን ሳስብ መስታወቱን ማየት አቃተኝ።

ወደ አክስቴ ዞርኩ። አይተውኛል። ፊቴ ላይ ያለውን ሁሉ አንብበዋል።

"ሞተዋል?" አሉ ቀስ ብለው።

ሴቶቹ ዝም አሉ። ያ ዝምታ በስልክ የነገሩኝ ዝምታ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ከአጥሩ ማዶ ተማሪዎቹ ብቻ ይሰማሉ፤ ገና የቅድስትን እያጠኑ ናቸው።

"አላውቅም" አልኩ። ያን ሳምንት ከተናገርኩት ሁሉ የመጀመሪያው እውነት እሱ ይመስለኛል። "ግን ማየት ይቻላል።"

አንድ እንቁላል አወጣሁና ወደ ጨለማው ጓዳ ገባን፤ ሁሉም ተከትለውኝ። የስልኬን መብራት አበራሁ፣ በእንቁላሉ ቂጥ ላይ ደገንኩት። እንቁላሉ እንደ ፋኖስ በራ። ውስጡ ባዶ ነበር፤ ቢጫ ብቻ። ሁለተኛውን አመጣሁ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ መጀመሪያ ምንም አልታየኝም።

"እጅህን አሳርፍ" አሉ አክስቴ፣ ከሥር እጄን ደግፈው።

እጄ አረፈ። ከቅርፊቱ ሥር እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን ቀይ ክሮች ተዘርግተዋል፤ መካከላቸው የጥቁር አዝሙድ ፍሬ የምታህል ነጥብ አለች። ነጥቧ ትንቀሳቀሳለች። ዝም ብላ አይደለም፤ ቱክ፣ ቱክ እያለች ነው።

"ምንድን ነው ይኸ?" አሉ እትየ ሙሉ።

"ልቡ ነው" አልኩ።

አክስቴ እጄን ሳይለቁ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ "እንዴት አደርክ" አሉት።

ሌሎቹን አንድ በአንድ አየናቸው፤ ጥቂቶቹ ባዶ ነበሩ፣ የቀሩት ግን ሁሉም ቀይ ድራቸውን ዘርግተዋል። ለአምስት ቀን እንቁላል ልክ የሚገባውን ያህል። ሙቀቱን የሚጠብቀው ክፍል ለብቻው ስለነበረ ከእብደቱ ተርፏል፤ መናጡም ቀስ ያለ ስለነበረ አልጎዳቸውም። እትየ ሙሉ ስልካቸውን ወደ ጉያቸው መለሱ። "እንግዲህ ከዶሮ እኩል ነው" አሉ። "ይሁን፤ ዶሮም ከሌለች እኩልነት አይከፋም።"

ሴቶቹ በእያንዳንዱ እንቁላል ጎን በከሰል ምልክት እያደረጉ በየተራ በእጃቸው ሲያገላብጡ ዋሉ፤ እኔ ላፕቶፑ ላይ ተደፋሁ። ጥፋቱን ሳገኘው አፈርኩ። በትንሿ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሦስት ቆጣሪዎች አሉ። እኔ ማራገቢያዋን የሰካሁት ሰዓቱ ከተሰካበት ከአንደኛው ጋር ነው። ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምጃቸዋለሁ፤ ማራገቢያዋን ባስሮጥኩ ቁጥር ሰዓቱም አብሮ ሮጧል። ሥራ ላይ እያለች ፍጥነቷን ከመቀየሬ በፊት "ይህ ቆጣሪ ሌላ ማን ተጠግቶበታል?" ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። የማራገቢያዋን ሽቦ ነቅዬ ወደ ሌላው ቆጣሪ አዛወርኩ፤ ድምፅዋ ከማንም ጆሮ በላይ ቀረ፤ ሰዓቱም ልብ ገዝቶ እንደ ሰው ሰዓት መሄድ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ የኔታ ወሬው ደርሷቸው መጡ። ስለ ቀንበሩ ነገርኳቸው።

"ከበሮው ሲፈጥን ዝማሬው ሁሉ እንደሚፈጥን ማለት ነው።"

"አዎ የኔታ።"

"እኛ በሁዳዴ ከበሮ የምናስቀምጥ ወደን አይደለም" አሉ፣ ፈገግም ሳይሉ።

አክስቴ ግን አንድ ነገር ወሰኑ። ቀኑን ከእንግዲህ ሣጥኑ አይቆጥርም። ትሪውን ያጋድል፣ አየሩን ያናፍስ፤ ቀኑን የሚነግሩን ከአጥሩ ማዶ በየሳምንቱ የየእሑዱን ዜማ የሚያጠኑት ናቸው። ቅድስት ይዘመራል፣ ምኩራብ ይዘመራል፣ መፃጉዕን ማጥናት የጀመሩ ለት ትሪው ይቁም። እኔም ፉጨቱን ከፕሮግራሙ ሰረዝኩ። ትንሽ አሳዘነኝ፤ ጥሩ ፉጨት ነበር።

እረፍቱ አልቆ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመለስ ልቤ ቡሬ ቀረ። ክፍል ውስጥ መምህሩ ስለ ሌላ ነገር ሲያስተምሩ እኔ መፃጉዕ መቼ እንደሚውል እቆጥራለሁ። በመፃጉዕ ማግስት፣ ሰኞ ጧት፣ ስልኬ ጮኸ።

"አክስቴ?"

አክስቴ አልመለሱም። ስልኩን የሆነ ነገር አጠገብ አድርገውት ኖሯል። መጀመሪያ የኔትወርክ ጩኸት መሰለኝ። ከዚያ ለየሁት፤ ጭ፣ ጭጭ፣ ጭጭጭ፣ አንዱ ላይ አንዱ እየተደራረበ። አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። የክፍሌ ልጆች ምን ሆነ ብለው ዞሩ።

"ሰማህ?" አሉ አክስቴ በመጨረሻ። ድምፃቸው እየሳቀ ነበር። "መፃጉዕ አልጋውን ተሸክሞ ተነሣ፤ የእኔዎቹ ደግሞ ቅርፊታቸውን ጥለው ተነሡ። ሁሉም አልተፈለፈሉም፣ ግን ግቢው ሞልቷል። ሙሉ 'የቡድናችን ሥራ ነው' ትላለች። እኔ ግን ምስማሩ ነው እላለሁ። ትናንት ነጎድጓዱ አጉረምርሞ ነበር፤ ሣጥኑን ሲያይ ወደ ሽንዲ በኩል ዞረ።"

"ምስማሩ ነው አክስቴ" አልኩ። ያን ቀን ከማንም ጋር ለመከራከር አልተዘጋጀሁም ነበር።

"ቆይ፣ የኔታ ናቸው። በአጥሩ መጥተው አገናኚኝ ይላሉ።"

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። ጭጭታው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ቀረበ።

"ልጀ" አሉ የኔታ። "እንደምን ሰነበትክ? ትምህርት እንዴት ነው? ደኅና። አንዲት ነገር ልጠይቅህ ነበር። የደብረ ዘይትን ላስጠና ብቀመጥ እነዚህ ሁሉ ባንድ አፍ ተነሡብኝ። ለእነዚህስ ቁጥሩ ስንት ነው?"

"እነዚህ ቁጥር የላቸውም የኔታ" አልኩ።

በስልኩ ውስጥ ጫጩቶቹ ይጮኻሉ፣ ከኋላ ተማሪዎቹ ያዜማሉ፣ አክስቴ ከሩቅ ማንን እንደሆነ እንጃ "እንዴት አደራችሁ" ይላሉ።

"ይሁን" አሉ የኔታ። "እነዚህስ ይተነፍሳሉ።"